ሮቃ በሩዝ ላይ

ከጃፓን ስመለስ ገንደ ቆሬ ሙሉ ለወሬ ጠበቀኝ፤
«አቦ ንገረና!» አለ ኢብሳ፣ ባጃጁን አጥፍቶ እያስጨነቀኝ፤
«ባቡሩ ይበራል? ሕንጻው ሰማይ ነካ?»
እኔ ግን ያየሁት
ሩዝ ነበር ለካ።

ውሃ ልማት ነበር ለፓምፕ ትምህርት የላከኝ፤
አርባ ቀን፣ ወደብ አጠገብ፣ ከአንዲት ትንሽ ከተማ።
ያሳደረችኝ ሴት ፉሚኤ ትባላለች፣
ባሏን ባሕር የወሰደው፣ ጆሮዋ በቅጡ የማይሰማ።
በእኔና በእሷ መሀል ቋንቋ አልነበረም፤
ማንኪያም አልነበረም።
ጠዋት ጠዋት ግን አንድ ጎድጓዳ ሳህን ነበረ፦
ነጭ ሩዝ፣ እንፋሎቱ ገና ያልበረደ፣
አጠገቡ የዓሣ ቁራጭ፣ ከመዳፍ ያነሰ፣
መሀሉ ላይ አንዲት ቀይ ፍሬ፣ ጨው ውስጥ የከረመች፣
አፌ ስትገባ ዓይኔን ያስጨፈነች፣
እንደ ሮቃ።
እንደ አሸዋ ገበያ ሮቃ!
ስንት ባሕር ተሻግሬ ምላሴ ድሬ ገባ፤
ፉሚኤ ሳቀች፤ ሰው በኮምጣጣ ሲያነባ
አይታ አታውቅም መሰለኝ።

ሩዙን ስታጥብ አየኋት። ሦስቴ።
ውሃው መጀመሪያ ወተት፣ ከዚያ ጉም፣ ከዚያ ጥርት አለ፤
አልደፋችውም፤ ደጅ ላለው አበባ ሰጠችው።
ድስቱን ጣደች፣ ከደነች፣
እጇን ክዳኑ ላይ አሳረፈች፤ አትክፈት ማለቷ ነው።
ጆሮዬን አስጠጋሁ።
እሷ የማትሰማውን እኔ ሰማሁ፦
ውሃ ሲያልቅ።

ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ።
ሃያ ዓመት ከጉድጓድ አፍ ቆሜ ያዳመጥኩት ነው፤
መጀመሪያ መንተክተክ፣ ቀጥሎ ማንኮራፋት፣
ከዚያ ደረቅ ሹክሹክታ።
በእኔ ሥራ ይህ ድምፅ መርዶ ነው፤
ጀሪካን አሰልፎ ሰፈር የሚያሳድር፣
እንቅልፍ የሚነሳ ስልክ የሚያስደውል ማታ።
በፉሚኤ ድስት ግን
ቁርስ ደረሰ ማለት ነው።

ቤቴ ገብቼ ልሞክረው አልኩ።
ሩዙን ከታይዋን ገበያ ገዛሁ፤ ዓሣውን ከጅቡቲ አስመጣሁ፣
በረዶው መንገድ ላይ ሟሙቶ
ሽታው ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ገባ።
«ሦስቴ?» አለች ነጂያት ሳጥብ አይታ፤
«ቧንቧ በስድስት ቀን በሚመጣበት ሰፈር
ሦስቴ?»
ሁለቴ አጠብኩ። ውሃውን ለጊሽጣዋ ሰጠሁ።
«ወጡስ?»
የለውም።
«እንዲሁ?»
እንዲሁ።
ሮቃ በጨው አሽቼ መሀሉ ላይ አኖርኩ።
ጎረቤታችን ሙምታዝ በበሩ አንገቷን አስግጋ፣
«ውይ አቦ! ማን ታመመባችሁ?» አለች፤
ሳቋ ግቢውን አዳረሰ።
ከዚያ ወዲህ ስሜ ጠፋ፣ «በሽተኛው» ተባልኩ።

ክረምት መጣ፤ ደቻቱ አንድ ሌሊት አጓርቶ
አሸዋውን ጥሎ ሄደ።
ተከትሎት ትንኝ፣ ከትንኙ ጋር ያ አጥንት የሚሰብር ትኩሳት፤
ያላንኳኳው በር የለም።
አንድ ማታ የሙምታዝ ልጅ ሂክማ ባዶ ሳህን ይዛ መጣች፤
ዓይኗን መሬት ተክላ፣
«እማዬ... ያንን የበሽተኛውን ስጡኝ ትላለች።»

ከሰሉን አራገብኩ። ጣድኩ። ከደንኩ።
«መቼ ነው የሚደርሰው?»
ስሚ፣ አልኳት።
ባጃጅ አለፈ። መብራት ሄደ።
በጨለማ ሁለታችን ጆሯችንን ወደ ድስቱ አዘነበልን፤
ተንተከተከ፣ አንኮራፋ፣ ሹክ አለ።
«አለቀ!» ብላ ዘለለች።
በዚህ ሰፈር «ውሃ አለቀ» ብሎ የሚደሰት ሰው
ያን ማታ ገና አየሁ።

ሳህኑ በነጋታው ተመለሰ፣ ባዶውን አይደለም፤
በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ ጭብጥ ሚጥሚጣ ይዞ፣
«ለሚቀጥለው» ከሚል መልእክት ጋር።
ፉሚኤ ብታይ
እጇን ክዳኑ ላይ ትጭን ነበር።