ያልተቆጠረው ጥግ

ላይፕዚግ፣ አምስተኛ ፎቅ፣ ከተዳፋት ጣሪያ ሥር፣
ወይዘሮ ክሬችማር በያዘችው ጨረር
ግድግዳ ትወጋለች፣ ቁጥር ትጽፋለች፤
«ሁለት ሜትር ከፍታ ሙሉ ነው» እያለች፤
«ዝቅ ሲል ግማሽ ነው፤
ከአንድ ሜትር በታች ባዶ ነው ወለሉ፤
በረንዳውም ሩብ ነው፣ ይህ ነው የሕግ ቃሉ።»

ማስታወቂያው ያለው ሰባ ሁለት ካሬ፣
ስትደምረው ግን ሃምሳ ስምንት ዛሬ።

አሥራ አራቱስ የታል?
ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ ምንትዋብ ጫማ አውልቃ
ከባዶው ጥግ ገብታ፣ ሳንቃውን አሙቃ፤
«እማ፣ ይሄ የኔ ነው፤ ቁጭ ስል ይበቃኛል።»

ዋጋዬን ቆረጥኩኝ በሃምሳ ስምንቱ፤
ስለ ጥጉ ዝም አልኩ።
ሴትዮዋ መለኪያዋን ከቦርሳ ከተተች።
ልጄ ግን ጣሪያውን
በስንዝር፣ በስንዝር ትለካ ነበረ፤
ሰባት ላይ ጠፋባት፣ ከአንድ ተጀመረ።