ሦስተኛው ብሮንዚና

ኡውሲካውፑንኪ ወደብ ላይ በረዶ ሲጋገር፣
መርከብ ታስሮ ሲከርም፣ ሰው ባሕሩን በእግሩ ሲሻገር፣
እኔ ጋራዥ ነበርኩ፣ ጣቴ ዘይት ጠግቦ፤
ኮፈኗን ከፍታ ቆማ ያባቴ ሳብ ቱርቦ።
ዕድሜዋ ከእኔ እኩል፣ የዚሁ ከተማ ልጅ፣
በእነ ቬይዮ መስመር ያለፈች እጅ በእጅ።

አባቴ ችኩል ነበር።
የቱርቦውን ግፊት በካቻቢቴ ጫፍ
ሩብ ዙር ጨመረ፣ ደሞ ሩብ፣ ያለ ልክ፣ ያለ ጽሑፍ፤
ነዳጁ ሳይበቃ አየሩ በዝቶበት
አራተኛው ፒስተን እንደ ሻማ ቀለጠበት።
«ሮጣለች እኮ!» ይል ነበር፣ ሲጠየቅ እየሳቀ፤
ሸራ አለበሳት። አንድ ማለዳ የራሱም ልብ ሥራውን ለቀቀ።

እኔ ፈጣን አልፈለግኩም። ሌላ ነው የምፈልገው፦
የካቲት ብረት ሲነክስ፣ ቁልፍ ሳዞር የምትነሣ፣
ጫካ መሃል፣ ከሰው ርቃ፣ ቃሏን የማትረሳ።

በትኜ አወጣሁት ሞተሩን። ኮሎው እንደ አጥንት ነጣ፤
ብሎኩ ሬቲፊካ ገብቶ፣
ግድግዳው ስስ መስቀለኛ ጭረት ተነቅሶ መጣ።
ተቀጥቅጦ የተሠራ ፒስተን በሁለት ወር ደመወዝ ገዛሁ፤
ቢየላዎቹን በወጥ ቤት ሚዛን፣ ግራም በግራም፣
እኩል እስኪሆኑ ሞረድኳቸው።
ሲግል ብረት ያብጣልና ለፋሻው ክፍተት ተውኩለት፤
ሰውም መሰለኝ እንዲሁ ነው፤ ይሰነጠቃል ስፍራ ካልተዉለት።

ቬይዮ ጎረቤቴ ነው፤ ሰማንያ ሊሞላው ሁለት የቀረው፣
ሠላሳ ዓመት በዚያ ፋብሪካ መስመር ላይ የቆመው።
በሩ ሥር በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ አይነካም፣ አይመክርም፤
ቴርሞሱን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ቃል አይወጣውም።

አርብ ማታ፣ የመጨረሻውን ቡሎን ሳጠብቅ፣ ጠቅ ሲል ቁልፉ፣
ከበርጩማው ተነሣ፤ ቃል ወጣ ከአፉ፦
«ሦስተኛውን ብሮንዚና ሁለት ጊዜ ለካሽው?»

«አዎ» አልኩ።

አንድ ጊዜ ነበር የለካሁት።
ራሱን ነቀነቀ፤ ቆቡን ጆሮው ድረስ ደፋ፤
ጫማው በረዶ እያኘከ፣ እያኘከ፣ ጠፋ።

አልጋው ጎረበጠኝ።
ለሰው «አዎ» ማለት ቀላል ነው። ሰው ያምናል፣ ሰው ይረሳል፤
ኮሎ ግን በደቂቃ ስድስት ሺህ ጊዜ ያንኑ ጥያቄ ያነሣል፦
ለካሽው? ለካሽው? ለካሽው?

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ በፒጃማ ላይ ካፖርት ደርቤ ወጣሁ፤
መብራቱን አበራሁ፤
ሙሉ ሳምንት ያጠበቅኩትን በአንድ ሌሊት ፈታሁ።
የዘይት ኮፓው ወረደ። እንደ ፀጉር የቀጠነች የፕላስቲክ ክር
ኮሎው ላይ አጋደምኩ፤
አጠበቅኩ፤ ፈታሁ፤ የተደፈጠጠችውን አየሁ፤ ማይክሮሜትሩን ጠየቅኩ።
ከልኩ በላይ የሚሊሜትር ሦስት መቶኛ።
ለዐይን ምንም ነው፤
ለዘይት ግን ወለል ያለ በር፣ ለሞተሩ ሞት ነው።
አባቴ ቢሆን ይሄኔ «ትሮጣለች እኮ!» ባለ ነበር።
እኔ በረዷማው ወለል ላይ ቁጭ ብዬ፣
በእሱም በራሴም እየሳቅኩ፣ ትንሽ አለቀስኩ።

አዲሱ ብሮንዚና እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ ወደቡ ላይ በረዶው ሳሳ።
ለካሁ። ደግሜ ለካሁ። ቬይዮ መጣ፤ ምንም አላነሣ።
ካንዴላ ሳልሰካ በባዶው አዟዟርኩት፣
ዘይቱ የቱርቦውን አንገት እስኪያርስ ጠበቅኩት።
ከዚያ እሳት። አንዴ አስነጠሰች፤ ሁለቴ፤
በሦስተኛው ያዘች።

በቱርኩ መንገድ ቬይዮ ከጎኔ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፤
ፔዳሉን ግማሽ ብቻ ረገጥኩ፤ ቱርቦው በቀስታ አፏጨ፤
«ጨምሪ» አላለም። አልጨመርኩም።

ደጅ ስንደርስ ቶሎ አላጠፋኋትም፤
የጋለ ቱርቦ ድንገት ከቆመ ዘይቱ አንገቱ ላይ ያርራል፤
ትንሽ ትተንፍስ ብዬ ተውኳት።
በዚያች ትንሽ ጊዜ፣ መሪውን እያየሁ፣
«ያን ዕለት አንዴ ነበር የለካሁት» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ ቬይዮ፤ «ሌሊት መብራትሽን አይቻለሁ።»

ቁልፉን መለስኩ።
ሁለታችንም አልወረድንም።
ብረቱ እየበረደ ጠቅ፣
ጠቅ ይላል።