የተደበቀችው ሰባት

ፒያሳ፣ ከጣሊያን በቀረ ፎቅ፣ ከፎቶ ቤቱ በላይ፣
ሁለት በሦስት ክፍል፣ መስኮቷ ወደ ግንቡ የሚያይ፣
እዚያ ነው የሠራሁት፣ የዓይን ክሊኒኩን ገጽ፤
ባለ ሦስት ዓምድ፣ ባለ ሰፊ ኅዳግ፣ ደስ የሚል ቅርጽ።
በግራ የሐኪሞች ስም፣ በመሐል የቀጠሮ ሰሌዳ፣
በቀኝ ትልቅ ፎቶ፣ አዲስ ቀለም የተቀባ ግድግዳ።
በእኔ ስልክ አየሁት። የእኔ ስልክ መዳፍ ይሞላል።
ሙሉሰው አጨብጭቦ «ወንድሜ፣» አለኝ፣ «ያምራል!»

ጥቅምት አንድ፣ ጭጋጉ ከአንገረብ ሳይነሣ፣
ወይዘሮ አትጠገብ መጣች፣ ከበለሳ፤
አውቶብስ ተራ አድራ፣ ከጫኝና አውራጅ ጋራ፣
በግራ ዓይኗ ላይ ነጭ ሆኖ የረጋ ሞራ።
መዝገብ ተገለጠ፤ ስሟ የለም።
«እናቴ፣ ቀንሽ ገና ነው፣ አልደረሰም።»
«አንድ ይላል» አለች፤ «የጎረቤት ልጅ ናት ያነበበችልኝ፤
ስድስተኛ ክፍል ናት፤ ምን አገኝ ብላ ትዋሸኝ?»

ስልኳን ዘረጋችልን። በላስቲክ የታሰረ፣
ጀርባው በፕላስተር፣ ጥጉ የተሰበረ።
ገጼ ተከፈተ፤ ዓምዱ ዓምዱን ገፍቶ፣
የሐኪሙ ስም ተቆርጦ፣ ፎቶው መሐል ገብቶ።
ግድግዳው ከነቀለሙ አለ፤ አንዲት ጡብ አልጎደለም።
ጥቅምት 1 ይላል።
ሰባቷ የለችም።

እኔ ነኝ የደበቅኋት። ኮዱ ውስጥ፣ በገዛ እጄ፣
«የተረፈውን ደብቅ» ብዬ ነበር አዝዤ፤
ጠርዙ እንዳይዝረከረክ፣ እንዳይበላሽ ውበቱ።
የሚተርፈው ማን ነው ብዬ አልጠየቅሁም በሰዓቱ።

አልተቆጣችም። «እንኳንም ቀደምሁ» አለች፣
«ዘግይቼ ቢሆንስ?»
ሐኪሙ አይቷት እንደሆነ አላውቅም፤
አፍሬ ወጣሁ፣ እስከ መጨረሻው አልቆየሁም።

ማታ ስልክ ለመንሁ።
የዘበኛውን የጋሽ ዋሴን፣
የፎቶ ቤቷን ልጅ የዘቢደርን፣
ከቅዳሜ ገበያ ጠጋኝ ቤት ባለቤት አጥተው የቀሩ ሁለት፣
ከባጃጅ ነጂው ደግሞ አንድ፣ መብራቱ የሚጠፋበት።
ጠረጴዛው ላይ ደረደርኋቸው፣ ከትንሿ እስከ ትልቁ፤
እንደ ወንድምና እህት በቁመት ተናናቁ።

«እግርህን በፍራሽህ ልክ ዘርጋ» ይላል የአገሬ ሰው።
እኔ እግሬን የዘረጋሁት የሰው ፍራሽ ላይ ነው።

እንደገና ጀመርሁ፣ ከጠባቧ።
መጀመሪያ ቀኑ። ከሥሩ ሰዓቱ። ከዚያ ስሟ።
ፎቶው ወደ ታች ይውረድ፤
ግድግዳ ቀጠሮ የለበትም።
ስፋትን በቁጥር ማሰር ትቼ በድርሻ አካፈልሁ፤
«ቦታ ካለ ጎን ለጎን፣ ከሌለም ተደራረቡ» አልሁ፤
ባጃጅ ውስጥ አራተኛ ሰው ሲመጣ
«ጠጋ በሉ» እንደምንባባለው፣
ጉልበት ጉልበትን ሲነካ
ማንም ከበር ውጭ እንደማይቀረው።

ሌሊቱ ተጋመሰ። መብራት ሁለት ጊዜ ሄደ፤
አንዱ ስልክ ሞተ፣ ሌላው ጋለና ነደደ፤
ሙሉሰው ደውሎ «ተኛ እንጂ» አለኝ፣
ሦስት ነጥብ ወደ ግራ አልገባ ብላ ስታንገላታኝ።

በሰፊው ስክሪን እንዲህ ትነበባለች፦

አትጠገብ፣ ጥቅምት 17፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ የግራ ዓይን።

በጠባቡ፦

ጥቅምት 17
ከጠዋቱ
2 ሰዓት
አትጠገብ
የግራ
ዓይን

ጋሽ ዋሴ ካፖርቱን እንደተከናነበ መጣ፤
የራሱን ስልክ ከሰልፉ መሐል አወጣ፣
ክንዱን እስኪያልቅ ዘርግቶ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ስቦ፣
«ጥቅምት… አሥራ… ሰባት» አለ፣ ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ አንብቦ።
ከዚያ መልሶ ሰጠኝና፣
«ፊደሉን ጨምርልኝማ» አለ፣ «ዓይኔ እኮ ደክሟል።»

ጨመርሁለት።
ጥቅምት ከላይ ቀረ፣
አሥራ ሰባት አንድ መስመር ወረደ፤
ወረደ እንጂ
አልጠፋም።