ቁጥር አርባ ሰባት

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በግዲኒያ ወደብ፣
ሥራዬ ይህ ነበር፤ የብረት ሆድ ማንበብ።
ሌሊት ራጅ ይነሣል፣ የላሜራው ስፌት፣
ፊልሙን እሰቅላለሁ፣ ከመብራት ፊት ለፊት፤
አረፋ ካደረ፣ ነጥብ ነጥብ ይላል፣
ስንጥቅም ካለበት፣ እንደ ፀጉር ቀጥኖ፣ ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል።
ሰው ይዋሽ ይሆናል፤ ራጅ ግን አይዋሽም፣
ቀለም ቢደራረብ፣ ጉድለት አይሸሽም።

ሕግ አለ በግቢው፦ ሰፍቶ ያበቃ ሰው፣
የብረት ቁጥሩን፣ በመዶሻ መትቶ፣ ከጎን ይተወው፤
ውኃ ያስገባ እንደሁ፣ ጠያቂ እንዲያገኘው።
(ውኃ ካላስገባ ግን፣ ፈላጊም የለው።)

ቁጥር ሰባት ክሳቨሪ፣ ሲመታ ይሰማል፣
ከክሬኑ አናት ላይ፣ ያረፈው ወፍ ሁሉ፣ ደንግጦ ይበራል።
ስፌቱ መካከለኛ፣
ድምፁ ግን አንደኛ።

ቦጉሚዋ መጣች፣ በአርባ ዓመቷ፣
የክር ፋብሪካው፣ ተዘግቶባት በፊቷ።
“ይቅርታ” ነበረ፣ የአፏ መክፈቻ፤
ትከሻዋን መትቷት፣ በር ሲዘጋ እንኳ፣ “ይቅርታ” ነው ብቻ።
ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ፣ አይቻታለሁ አንዴ፤
ሦስት ሰው ቀደማት፤
“ይሁን፣ ቸኩለው ነው፤ ምን ጎደለብኝ እንዴ?”
(ሦስተኛው እኔ ነበርኩ። ብርዱ ኃይለኛ ነበር።)

በጥር አንድ ሌሊት፣ አንድ ፊልም ሰቀልኩ፣
ዓይኔን አሸሁና፣ ደግሜ ተመለከትኩ።
አረፋ የለበት፣ ስንጥቅ የለበት፣
እንደ ጠዋት ሜዳ፣ በረዶ እንደተኛበት፣ ማንም ያልሄደበት።

ሲነጋ ወረድኩኝ፣ ባለቤቱን ፍለጋ።
“የኔ ነው” አለ ክሳቨሪ፣ ገና ሳልጨርሰው፣
“ከኔ ሌላ እዚህ ግቢ፣ እንዲህ የሚሰፋ ሰው?”
ሳቁ። ቦጉሚዋም ሳቀች፣ ጓንቷን እያወለቀች፤
ዓይኗን መሬት ጥላ፣ ወደ ኋላ ራቀች።

ጠመኔ አወጣሁ፣ ከኪሴ ፈለግሁና፣
ላሜራውን አሸሁ፣ ቀስ ብዬ፣ እንደገና።
ነጩ ዱቄት ሲገባ፣ ጭረቱን ተከትሎ፣
አራት ብቅ አለች፣ ሰባትም ቀጥሎ።
መዶሻ አይመስልም፤ በጥፍር የጫሩት፣
የተኛ ሕፃን እንዳይነቃ፣ በእጅ የዳበሱት።

“አርባ ሰባት ማን ነው?”
ዝምታ። ክሬኑ ብቻ ይጮኻል።
“እኔ... ይቅርታ” አለች፣ “ድንገት ይሆናል፤
ሽቦው ጥሩ ነበር፣ ነፋስም አልነበር፣ ዕድል ይመስለኛል።”
“ሽቦው የሁሉም ነው” አልኩ፣ “አየሩም የሁሉም፤
ዕድል የሚባለውን፣ በሠላሳ አንድ ዓመት፣ ራጅ ላይ አላየሁም።”

መዶሻ አቀበልኳት። “ምቺው እንደገና።”
ስኳር ልትበደር፣ ጎረቤት በር ላይ፣ የቆመች ይመስል፣ ኳ አደረገች በትሕትና።
“አልተሰማኝም” አልኩ።
ሁለተኛው ሳተ፤ ሰባቷ ተንጋደደች።
ሦስተኛው ላይ ግን፣
እግሯን ከፈት አርጋ፣ ትንፋሿን ዋጥ አደረገች፤
ወረደ መዶሻው። ጠቅላላው ላሜራ፣
ከጎድን እስከ ጎድን፣ እንደ ደወል ጮኸ፤
ከመርከቡ ማዶ፣ ሲጋራ ይዞ የቆመው፣ ዞር አለ ሊያጣራ።

ያን ቀን ሌላ ሰው ሆነች፣ ብል ውሸት ይሆናል፤
ራጅ አንባቢ ከዋሸ፣ መርከብ ይሰምጣል።
በማግስቱም ለበሩ፣ “ይቅርታ” ብላዋለች፣
ሲያመሰግኗት ጊዜ፣ ሰው እንደሰደባት፣ አንገቷን ደፍታለች።
ሰባቷም እስከዛሬ፣ እንደተንጋደደች ናት፤
ሦስት እጅ ቀይ ቀለም፣ የየትኛው ባሕር፣ ጨው እንደሸፈናት፣ እኔ እንጃ።

ግን በመጋቢት ነው፣ ያው ዳቦ ቤት፣ ያው ሰልፍ፤
ሰዓት ረፍዶብኝ፣ ጎንበስ ብዬ ላልፍ
ስል፣ ድምፅ ሰማሁ፤ ዝግ ያለ፣ ግን የማይንቀጠቀጥ፦
“ጌታዬ፣ ተራው የኔ ነው።”
ዞር ብላ አየችኝ። እኔ መሆኔን ስታውቅ፣ ፊቷ ቀላ።
ቃሏን ግን አላጠፈችም።
ቆምኩ ከኋላዋ።
ሻጩ አንዱን ጥቁር ዳቦ፣ ከዳር አንሥቶ ሊጠቀልል ሲል፣
“እሱን አይደለም” አለች፤
ጣቷን መስታወቱ ላይ አሳርፋ፣
“ያንን። ከመሃል ያለውን።”