ማንን ላገናኝ?

ደብረ ማርቆስ፣ ከፖስታ ቤቱ ጀርባ፣ በዚያች ጠባብ ቤት
ጆሮዋ ላይ ብረት፣ እጇ ላይ ገመድ፣ ሃያ ስድስት ዓመት፤
እናቴ እታገኝ፣
«ማንን ላገናኝ?»
እያለች ደጀንን ከቡሬ፣ ቢቸናን ከዳንግላ ትሰካለች፤
መዝገብ አትገልጥም፣ ቁጥሩን ሁሉ በቃሏ ይዛለች።
ወፍጮ ቤቱ ሠላሳ አንድ። ሐኪም ቤቱ ስድስት።
የአቶ ፈንታ ሆቴል አርባ ሁለት፤
የአቶ ፈንታ ውሽማ፣ በሹክሹክታ፣ አርባ ሦስት።

በኋላ ጥም ያዛት።
እንስራው ሥር ቁጭ ብላ፣ ስትጠጣ ታነጋለች፣
«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ብላ በራሷ ትስቃለች።
እኛም አብረን ሳቅን።
ስኳር መሆኑን በሦስተኛው ዓመት አወቅን።

አምና ኅዳር ላይ ቁጥሮቹ መጥፋት ጀመሩ።
መጀመሪያ የሩቆቹ፣ ሞጣ፣ መርጡለ ማርያም፤
ከዚያ የቅርቦቹ። ወፍጮ ቤቱ የለም።
ወጡን ሁለቴ ጨው ታደርጋለች።
የእህቷን ሞት እንደ አዲስ ትሰማለች፣
እንደ አዲስ ታለቅሳለች፣ በሳምንት ሁለት ቀን።
«እርጅና ነዋ» አሉ ጎረቤቶቻችን።
ሰባ ሳይሞላት?

ዶክተር ይበልጣል በመድኃኒት ማዘዣው ጀርባ ሥዕል ሣለልኝ፦
«አንጎል በቁመቱ ትንሽ፣ በመብሉ ግን ትልቅ ነው።
ኢንሱሊን ደጅ የሚያንኳኳ መልእክተኛ ነው በለው።
ስኳሩ ለዓመታት ሲትረፈረፍ ደጁ ይደነቁራል፤
ቀጫጭኑ የደም ሥርም እንደ አሮጌ ቧንቧ ይደድራል።
ሁሉንም አናውቅም ገና» አለና ብዕሩን ከደነ።

እኔ የስልከኛ ልጅ ነኝ፤ በእኔ ቋንቋ ገባኝ፦
መስመሩ አለ። ደወሉም ይጮኻል።
የሚያነሳ ጠፋ።
ስኳሩ በደሟ ሞልቶ፣ ደጅ ላይ ተሰልፎ፣
ውስጥ ግን ረሃብ።
የዓባይን ልጅ አሁን ገና ጠማው።

መብራት ሲጠፋ ብልቃጡን በገንቦ፣ በእርጥብ አሸዋ እቀብራለሁ፤
ጠዋትና ማታ ሆዷን ቆንጥጬ እወጋለሁ።
መርፌዬን ታምነዋለች፤ ስሜን አታምነውም።
አንድ ማክሰኞ ምሳዋን አልበላም አለች፣
መድኃኒቱ ቀድሞ ገብቷል፤
ላብ አጠመቃት፣ ዓይኗ ሸሸ፣
ያንኑ የረገምኩትን ስኳር በጥብጬ
በማንኪያ፣ እየተንቀጠቀጥኩ፣ አጠጣኋት።
ሲበዛ የሚሰርቅ፣ ሲያንስም የሚሰርቅ፣
ይሄ ምን ዓይነት ሌባ ነው?

ትናንት ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ
ብርድ ልብሷን ላለብሳት ጎንበስ ስል
የሹራቤን የቁልፍ ቀዳዳ በጣቷ ፈልጋ
ሰካች።
«ማንን ላገናኝ?»
በዚያው በድሮ ድምፅ፣ ጥርት ብሎ።
ስሜን ልነግራት ነበር። ተውኩት።
«እታገኝን» አልኳት፣ «እታገኝ አለች?»
ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ ጠበቀች።
ረጅም ጊዜ ጠበቀች።
«ይጠራል» አለችኝ፣ «አይዝጉት፤
ይጠራል።»