ሰሃን አልኩት

ጃህራ፣ የአየር ኃይሉ ቢሮ፣ ሦስተኛ ፎቅ፤
ማቀዝቀዣው ያጓራል፣ ከመስኮቱ ማዶ ወበቅ።
ሻለቃው ቅጽ ዘረጋ፣ ብዕሩን በጣቱ አሾረ፤
ሉባባ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ፣ ዓይኗ ወለሉ ላይ ቀረ።
እኔ መሀል ነኝ፤ በሰዓት የሚከፈል ምላስ፣
የእሷን ወደ እሱ፣ የእሱን ወደ እሷ ሳመላልስ።

«ስንት ሰዓት ነበር?» አለ።
«ከሌሊቱ ዘጠኝ» አለች።
ሦስት ብዬ አስጻፍኩ፤ ስድስት ሰዓት መሬት ወደቀች፤
ማንም አላነሳት፣ ወንበሩ ሥር እንዳለች ቀረች።

«ቅርጹስ? ክብ? ሦስት ማዕዘን? ወይስ እንደ ሲጋራ?»
ሥዕሎቹ በወረቀቱ ላይ ተደርድረዋል በተራ።
«ሰፌድ ይመስላል» አለች፣ «ገለባው በርሮ ያለቀ፣
ፍሬው ብቻ ቀርቶለት ሰማይ ላይ የደመቀ።»
ሰፌድ በዓረብኛ ማን ነው? ፈልጌ ፈልጌ ጠፋ፤
«ሰሃን» አልኩት። የሚያውቀው ሆነለት፤ ግንባሩ ተፍታቶ ሰፋ።

ድምፅ ነበረው? የለውም። ፍጥነቱን አላወቀችም።
ለምን ያህል ጊዜ? «አንሶላ አስጥቼ እስክጨርስ» አለች፤ ሌላ ልክ የላትም።
ስንት አንሶላ? ብዬ ጠየቅኩ፤ ይህን ቅጹ አይጠይቅም።
አስራ አንድ። እንግዶች ነበሩ። ሻለቃው አልጻፈም።

«በዚያ ሰዓት ጣሪያ ላይ ምን ትሠራለች?» አለ፤
ብዕሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወረቀቱ ከፍ አለ።
«ሥራዬን።»
የመታወቂያ ቁጥር? ከመዳም ጋር ነው።
ፓስፖርት? እሱም ከመዳም ጋር ነው።
መዳም ኮሪደሩ ላይ ናት፤ የጫማዋ ተረከዝ ይሰማል፤
ሻለቃው በባዶው ቦታ አንድ ሰረዝ ያሰምራል።
በቅጹ አናት ላይ በደማቁ «መጅሁል» ይላል፤
ለሰውም ለዕቃም ያው ነው፣ አንዱ ቃል ሁሉን ይሸፍናል።
በእኛ ምንነት ሌላ ነው፣ ማንነትም ሌላ፤
የቱን እንደምል ጠፍቶኝ ምራቄን ዋጥኩኝ በኋላ።

ያን ጊዜ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
በእኛው፣ ለእኔ ብቻ፦
«ቀስ እያለ ሲወርድ ሊወስደኝ የመጣ መሰለኝ።
አልፈራሁም።
ጫማዬ ታች መቅረቱ ብቻ ቆጨኝ።»

«ምን አለች?» አለ ሻለቃው።
የኮሪደሩ ተረከዝ ቆመ።
«ፈራሁ ነው የምትለው» አልኩ።
ጻፈ። እሷ ዓረብኛዋ ለዚህ ይበቃል፤
ቀና ብላ አየችኝ፤ ያ አስተያየት በየትኛው ቋንቋ ይፈታል?

በወሩ ደብዳቤ መጣ፣ ማኅተም ያረፈበት፦
የአየር ሁኔታ መለኪያ ፊኛ፤ መዝገቡ የተዘጋበት።
የእኔም ሂሳብ ታሰበ፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ፤
ሩቡን ለምን እንደሆነ አውቀዋለሁ፣ አልሳሳትም በሂሳብ።

ሉባባ የት እንዳለች አላውቅም። አልጠየቅኩም።
በዚያ ሰፈር ሳልፍ ግን አንገቴን አላቀረቅርም፤
ጣሪያ ለጣሪያ አያለሁ፣ ነጭ አንሶላ ይወዛወዛል፤
ከበላዩ ሰማዩ አቧራ ለብሶ ዝም ብሏል።

እና ደግሞ ይሄ፦ ጫማዬን አልጋ ሥር መግፋት ትቻለሁ።
በሩ አጠገብ ነው የማስቀምጠው፣
አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙሬ።