ሙሉ ነው ይላል መለኪያው

አብዲልዳ መጣ፣ ከዶሎን ዳገት በገመድ ተጎትቶ፣
የእንስሳት ሐኪሙ፣ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አኑሮ፣ አንገቱን ደፍቶ።
«አርባ ቀን አልሞላውም» አለኝ፣ «ይሄ ሞተር ከገባ፤
ቀዩ መብራት በራ፤ ከዚያ ሳል ጀመረው፣ እንደ በግ፣ የሳምባ።»

ሞተሩን አውቀዋለሁ።
ከጃፓን በመርከብ፣ ከቢሽኬክ ገበያ በጭነት መኪና፣
በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በፀደይ መጥቶ ነበርና፣
እኔው ነኝ ያሰርኩት፣ እያንዳንዱን ቡሎን፣
በዚህችው ጋራዥ ውስጥ፣ ወንዙ ሲሰብር በረዶውን።

መለኪያውን ሳብኩት፤ በጨርቅ ጠርጌ መልሼ ነከርኩት፤
እስከ ላይኛው ምልክት ሞልቶ፣ እንደ ማር ሲያበራ አየሁት።
ሙሉ ነው ይላል መለኪያው።
ታዲያ ምን ነክቶት ነው፣ የናሪንን ልጅ ውሃ የጠማው?

ኮፈኑን ከፍቼ፣ ረጅም ካቻቢቴ በጆሮዬ ደግፌ፣
አዳመጥኩት፣ ሌላውን ድምፅ ሁሉ፣ ውሻውን ሬዲዮውን፣ ከራሴ አራግፌ።
ቷ፣ ቷ፣ ቷ። ከሥር ነው። ነዳጅ ስሰጠው ይፈጥናል፣
ስተወው ይረግባል፤ ግን አይሄድም፤ እንደ ባለዕዳ ደጅ ይጠናል።
ሐኪሙ ዝም ብሎ፣ ከቦርሳው አወጣ ማዳመጫውን፣
ብረቱ ላይ አሳርፎ፣ እንደ ጊደር ሆድ ዳሰሰው ጎኑን።
«ሦስተኛው ላይ» አለ።
ልክ ነበር።

ሻጩን ሰደብኩት በልቤ፣ ስልኬን ገና ሳላነሳ፦
«ቀለም ቀብተህ ነው የሸጥክልን፣ የሞተር ሬሳ!»
ደግሞ ሹፌሩን፦ ሽማግሌ ነው፣ መብራት አያስተውልም።
ደግሞ ዳገቱን፣ ደግሞ ዘይቱን። ከራሴ በቀር ያልከሰስኩት የለም።

ማጣሪያውን በመጋዝ ሰነጠቅኩት። እጥፋቱ ውስጥ፣
የመዳብ ብናኝ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት ሲያብለጨልጥ።
«ወርቅ አገኘህ?» አለኝ።
«ብሮንዙ ነው» አልኩት፣ «ኮሎውን እንዳቀፈ ያለቀው፤
ብረት ብረትን እንዳይነካ፣ መሃል ቆሞ የተፈጨው።»

ኮፓውን ፈታሁት።
ዘይቱ ወረደ፣ ጥቁር፣ ለብ ያለ፣ ባልዲ ሙሉ።
ቢየላው ግን ከላይ ነዶ፣ ሰማያዊ ሆኗል አካሉ፤
ከሥሩ ባሕር ተኝቶ፣ በጥም ነደደ፣
አንዲት ጠብታ ሳትደርሰው፣ ከኮሎው ጋር ተዋሐደ።

ቀጥሎ መምጠጫው ቱቦ፣ አፉ ላይ ወንፊት ያለው።
ባትሪ አበራሁበት።
እንደ አንጀት ትል ተጠምጥሞ፣ ወንፊቱን የዘጋው
ግራጫ ሲልከን ነው።
ከኮፓው ጠርዝ ተርፎ፣ ሳጠብቀው ወደ ውስጥ የተገፋ፣
«እንዳያፈስ» ብዬ፣ ከልክ በላይ ጨምቄ፣ በአውራ ጣቴ ሳሰፋ።
የጣቴ መስመር ሳይቀር ታትሞበታል።

ሐኪሙ ደጅ ወጥቶ ነበር፣ ሲጋራ ሊለኩስ።
ማን አየኝ? ትሏ ትንሽ ናት፤ እሳት ቢነካት ጢስ።
ሻጩ ሩቅ ነው፤ ሽማግሌው የዋህ፤ ምድጃው ቅርብ።
አሰብኩ። አዎ፣ አሰብኩት፣ በጀርባዬ ሲወርድ ላብ።

ከዚያ ወጣሁና መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት።
አገላበጣት፣ አሸተታት፣ በጥፍሩ ስቦ ለቀቃት።
«የማን ናት?»
«የእኔ።»
ወንዙን ሲያይ ቆየ።
«ሰኞ የበግ ክትባት አለብኝ» አለ፣ «መንጋው ተራራ ሳይወጣ።»
ስለ ገንዘብ አላነሳም። ስለ ይቅርታም፣ ስለ ቁጣ።

የራሴን መኪና ቁልፍ ሰጠሁት።
ወንበሩን ወደ ፊት ሳበ፤ መስታወቱን አስተካከለ፤
ሊያስነሳ ሲል ትዝ አለው፤ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ፤
መለኪያዋን መዘዘ፤ በሱሪው ጠርጎ ደግሞ ነከረ፤ አየ።
«ሙሉ ነው» አለኝ።
ከዚያ ማዳመጫውን አወጣ።